1,300 ጋሎን ናፍጣ አትላንቲክን ያሻግራል ወይ?

ጥያቄ፦ «አትላንታ የምኖር የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ፤ ናፍጣ ሞተር ላይ ከሠራሁ 11 ዓመቴ ነው። አንድ ደንበኛዬ 50 ጫማ ርዝመት ያላት የሞተር ያት አለችው። በሚመጣው ሜይ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ በበርሙዳና በአዞረስ ደሴቶች በኩል እስከ ጂብራልታር ሊወስዳት አስቧል። አራተኛ ሰውና መካኒክ ሆነህ አብረኸኝ ሂድ ብሎኛል። ረጅሙ መንገድ ከበርሙዳ እስከ አዞረስ ሲሆን 1,800 የባሕር ማይል ነው። ታንከሮቹ 1,300 ጋሎን ይይዛሉ። ‹በ7.5 ኖት እየሄድን በሰዓት 20 ሊትር ብናቃጥል በአሥር ቀን 4,800 ሊትር ነው፤ 120 ሊትር ይተርፈናል› ይላል። ሒሳቡ ትክክል ነው ወይ? ሞተሩ ላይስ ምን ምን ልመልከት? ባሕር አላውቅም፤ ዋና ግን እችላለሁ።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ ስለማልቀር አንተ ማለቴን አትቀየምብኝ። ከመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርህ ልጀምር። ዋና መቻልህ መልካም ነው፤ ከበርሙዳ 900 ማይል ርቀህ ግን ዋና ለማንም አይሆንም። እዚያ ቦታ የሚያወጣህ አትላንታ ላይ እጅህ በየቀኑ የለመደው ሥራ ነው፤ ናፍጣ፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ዘይት፣ ጆሮን ሞተር ላይ ጥሎ ማዳመጥ። እኔም ባሕር ዳርቻ አልተወለድኩም። የመርከብ ሞተር የተማርኩት ባሕር ዳር፣ ከጣና አጠገብ ነው። ስምንት ዓመት በጭነት መርከብ ላይ ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ ባለቤቶቻቸው ከአገር ወደ አገር የሚያዛውሯቸውን የግል ያቶች አደርሳለሁ። አንተ የተጠየቅክበትን መንገድም ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሰውየው ማባዛት ያውቃል። ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነውና፣ 1,800ን ለ7.5 ስታካፍለው 240 ሰዓት ይመጣል፤ በ20 ሊትር ስታበዛው 4,800። 1,300 ጋሎን ደግሞ 4,920 ሊትር ነው። 120 ሊትር ተረፈ። ግን ጀነሬተሩን የት ጣለው? ለማቀዝቀዣው፣ ለባትሪውና ለምድጃው ሲባል በቀን አራት ሰዓት ብቻ ቢሠራና በሰዓት ሦስት ሊትር ቢጠጣ፣ በአሥር ቀን 120 ሊትር ይሆናል። ተረፈች የተባለችው ያቺው ናት። እንግዲህ በዚህ ሒሳብ ጀልባዋ አዞረስ የምትገባው ታንከሯ ደርቆ ነው፤ ያውም አሥሩንም ቀን ንፋስ ካልተቃወማት፣ ሞገድ ካላዘገያትና የውኃው ፍሰት ወደ ኋላ ካልጎተታት።

ታንከር ባዶ ሆነ ስልህ በመኪና ልክ እንዳታስበው። ናፍጣውን የሚስበው ቧንቧ ከታንከሩ ወለል ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ነው የሚያልቀው፤ ከሥሩ ያለውን ውኃና ዝቃጭ እንዳይስብ ተብሎ። ባሕር ላይ ደግሞ ታንከሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጀልባዋ ወደ ጎን በተጋደመች ቁጥር የቀረው ናፍጣ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ቧንቧው አየር ይስባል፤ አየር የሳበ ናፍጣ ሞተር ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም። ስለዚህ እኔ ከማንኛውም ታንከር አምስት በመቶውን እንደሌለ እቆጥረዋለሁ። በላዩ ላይ ሃያ በመቶ መጠባበቂያ አስቀምጣለሁ፤ እርሱን አልነካም። ከ4,920 ሊትር ላይ ሁለቱን ስትቀንስ ለመንገዱ ያለህ 3,690 ሊትር ግድም ነው። የሰውየው ዕቅድ ከዚህ በ1,200 ሊትር ይበልጣል።

አይቻልም ማለት ነው? ይቻላል። የሚቀየረው ናፍጣው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው።

ጀልባ ስትሄድ ውኃውን እየገፋች ከፊቷ ሞገድ ትሠራለች። በዝግታ ከሄደች ሞገዱ ትንሽ ነው። ፍጥነት በጨመረች ቁጥር ግን ሞገዱ እየረዘመ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ አፍንጫዋ ሞገዱ ጫፍ ላይ፣ ጭራዋ ጎድጓዳው ውስጥ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የምትሄደው ዳገት ላይ ነው። ዳገቱን የሠራችው ራሷ ናት፤ አብሯት ስለሚጓዝም መቼም ጫፉ ላይ አትደርስም። የዓባይ በረሃን ዳገት ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና አስብ፤ ልዩነቱ ይህኛው ዳገት ጎሐ ጽዮን ላይ አያልቅም። ያ ገደብ የት እንደሆነ ለማወቅ የቆየ ቀመር አለ፤ ውኃ የሚነካው የጀልባዋ ርዝመት በጫማ ይወሰድና ስኩዌር ሩቱ በ1.34 ይባዛል። 50 ጫማ ናት ብትልም ውኃ የሚነካው ክፍሏ ወደ 44 ጫማ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ገደቧ 8.9 ኖት አካባቢ ነው። አንድ ኖት ማለት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው፤ ብስክሌት ይቀድማታል።

ከገደቡ በታችም ቢሆን የሚያስፈልገው ጉልበት የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው፤ ወደ ገደቡ ሲጠጋ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በ7.5 ኖት 20 ሊትር የምትጠጣ ጀልባ በ6.5 ኖት 13 ሊትር ይበቃታል። አሁን እንደገና አስላው። 1,800 ማይል በ6.5 ኖት 277 ሰዓት ነው፤ በ13 ሊትር 3,600። አሥራ አንድ ቀን ተኩል ለሚሠራው ጀነሬተር 138 ጨምር፤ 3,740 ሊትር ገደማ። ካስቀመጥነው ልክ በ50 ሊትር ብቻ ያልፋል፤ ለዚህ ያህል እኔም አልከራከርም። ጠባብ ነው ካልክ በ6 ኖት ሂድ፤ ወደ 3,200 ሊትር ይወርዳል፤ ግን ሁለት ቀን ተኩል ትዘገያለህ። በ8.5 ኖት ልሂድ ብትል ደግሞ ከ6,000 ሊትር በላይ ያስፈልግሃልና ጨዋታው አበቃ።

ሰውየውን ስታነጋግር ይህን ብቻ ንገረው፤ አንድ ቀን ተኩል ዘግይቶ ቢገባ ከ1,100 ሊትር በላይ ናፍጣ ይተርፈዋል። የጀልባ ባለቤቶች ስለ ደኅንነት ሲነገራቸው ይናደዳሉ፤ ስለ ሊትር ሲነገራቸው ያዳምጣሉ።

ይህ የዝግታ ጉዞ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የባሕር ኃይል አብራሪ የነበረው ካፒቴን ሮበርት ቢቢ «ፓሴጅሜከር» የተባለችውን 50 ጫማ የሞተር ጀልባ ሲንጋፖር አሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በቀይ ባሕር በኩል እስከ ግሪክ ያመጣት በዚሁ ዓይነት ፍጥነት ነው። ብዙዎቹ የዛሬዎቹ የረጅም ጉዞ የሞተር ያቶች የእርሷ ልጆች ናቸው። በአንተው መንገድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004፣ 18 የሞተር ጀልባዎች ከፍሎሪዳዋ ፎርት ላውደርዴል ተነሥተው በበርሙዳና በአዞረሷ ወደብ በኦርታ በኩል ጂብራልታር ገብተዋል። አንዳንዶቹ ከአንተዋ ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ «በሞተር ጀልባ አትላንቲክ አይታለፍም» የሚልህን አትስማ፤ «ቀላል ነው» የሚልህንም እንደዚያው።

ከቢቢ የወረስነው አንድ ነገር አለ፤ ከአውሮፕላን ያመጣው ይመስለኛል። አንድ ካሬ ወረቀት ውሰድ። በአግድም የቀረውን ርቀት፣ በቁመት የቀረውን ናፍጣ አስፍር። ከመነሻህ ነጥብ እስከ አዞረስ፣ መጠባበቂያህ ላይ የሚያርፍ ቀጥታ መስመር አስምር። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ታንከሩን ለክተህ አንድ ነጥብ አድርግ። ነጥቧ ከመስመሩ በላይ ከሆነች በሰላም ብላ፤ ከሥር ከሆነች ወዲያው ፍጥነት ቀንስ። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ በቀለም ይሠራል፤ ቢሆንም ወረቀቷ ኩሽና በር ላይ ትለጠፍ። ባለቤቱ ቡና ሊቀዳ በገባ ቁጥር ያያታል። እኔም ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ግማሽ መንገድ በዝግታ አስኬዳለሁ፤ ወደ ማብቂያው ናፍጣ ከተረፈ ያኔ መፍጠን ይቻላል። በመጀመሪያ የተቃጠለውን ግን ማንም አይመልሰውም።

20 ሊትር የሚለው ቁጥር ራሱ ከየት መጣ? ከሻጩ ወረቀት ከሆነ አትመነው። ብዙ ጊዜ የሚለካው በረጋ ውኃ፣ የጀልባዋ ገላ ንጹሕ ሆኖና በግማሽ ታንከር ነው። አንተ የምትነሣው ታንከር ሞልተህ፣ ምግብና ዕቃ ጭነህ፣ ጀልባዋ በጥልቀት ተቀምጣ ነው። ደግነቱ ከፍሎሪዳ እስከ በርሙዳ ያለው መንገድ 900 ማይል ገደማ ስለሆነ ታንከሩ ይተርፈዋል፤ ያንን መንገድ እንደ መለኪያ ተጠቀምበት። ባሕሩ በረጋ ጊዜ በ6፣ በ6.5፣ በ7 እና በ7.5 ኖት ለየብቻ ሁለት ሁለት ሰዓት እየነዳችሁ የሞተሩን ዙርና ያለቀውን ናፍጣ መዝግብ። ሲለካ ከአንድ ታንከር ብቻ ሳብ፤ የሌሎቹን ቧንቧ ዝጋ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባትን አንተ ታውቃታለህ፤ ናፍጣ ሞተር ከሚስበው ውስጥ ብዙውን መልሶ ይልካል። ተመላሹ ወደ ሌላ ታንከር እየሄደ ከሆነ ልኬቱ ውሸት ነው፤ ታንከሩም ሞልቶ በአየር ማስወጫው ወደ ባሕር ሊፈስ ይችላል። የተመላሹን ቧንቧ በእጅህ እየዳበስክ እስከ መጨረሻው ተከተለው።

ባለቤቱ «ትርፍ ናፍጣ በላስቲክ ከረጢት መርከቧ ወለል ላይ እንጫን» ሊልህ ይችላል። የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ አልወደውም። አንድ ቶን የሚፈስ ነገር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ የጀልባዋን ሚዛን ያበላሻል፤ ደግሞም ትርፍ ናፍጣ ያገኘ ሰው ቀስ ብሎ መሄዱን ይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው። መካከለኛው አትላንቲክ ላይ ናፍጣ ሞተርን የሚያቆመው ሞተሩ አይደለም። ቆሻሻ ናፍጣ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት 54 ጫማ የሆነች ጀልባ በዚሁ መንገድ ስናደርስ የደረሰብንን ልንገርህ። ጀልባዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደብ ታስራ ቆማለች፤ ታንከሮቿ በግማሽ ብቻ ሞልተው። በባዶው ግማሽ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ጤዛ ይሠራል፤ ጤዛው ወደ ታች ይወርዳል፤ ውኃና ናፍጣ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ደግሞ ረቂቅ ሕዋሳት ይራባሉ። ወደብ ላይ ይህ ሁሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበርና ማንም አላየውም። ከበርሙዳ ከወጣን ሦስት ቀን ባሕሩ እንደ ዘይት ረጋ። በአራተኛው ቀን ከሰሜን ረጅም ሞገድ መጣ፤ ጀልባዋ መወዛወዝ ጀመረች፤ ታንከሩም እንደ እርጎ ቅል ተናጠ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራዬ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ አልነበረም፤ የድምፅ መጉደል ነበር። ሞተሩ እንደ ሰው ትንፋሹን ያዝ አደረገና ለቀቀ። ወረድኩ። መርከበኞች በአምራቹ ስም ራኮር የሚሉት የናፍጣ ፊልትሮ ላይ የመሳቢያ ኃይል የምታሳይ ትንሽ ሰዓት አለች፤ መርፌዋ ከ10 አልፋ ቀዩን ነክታለች። በፊልትሮው ሥር ያለው ብርጭቆ ሻይ መምሰል ሲገባው ቡና መስሏል። እንደ ዕድል ሆኖ ፊልትሮዎቹ ሁለት ነበሩ፣ በመሐላቸው እጀታ ያለው። እጀታውን ወደ ንጹሑ አዞርኩ፤ ሞተሩ ተነፈሰ። ከዚያ የታፈነውን ከፈትኩና ሳወጣው በጥቁር ንፍጥ ተለብጧል፤ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል። አዲሱን አስገብቼ ክዳኑን ልገጥም ስል ኦሪንጉ ከጣቴ አምልጦ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ወደቀ። በግንባር መብራት፣ በናፍጣ በተነከረ እጅ፣ ወለሉ ከሥሬ እየተጋደመ ያቺን የላስቲክ ቀለበት ሃያ ደቂቃ ፈለግኋት። አላገኘኋትም። ከአዲሱ ፊልትሮ ጋር ትርፍ ኦሪንግ ተጠቅልሎ እንደሚመጣ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ድንጋጤ እንዲህ ያደርጋል።

እስከ አዞረስ ድረስ በየአራት ሰዓቱ ፊልትሮ ቀየርን። ባለቤቱ «ንጹሕ እንዲሆን» ብሎ የገዛው ባለ 2 ማይክሮን ብቻ ነበር፤ ቀዳዳው እጅግ ረቂቅ ስለሆነ የመጀመሪያው ፊልትሮ ላይ ሲገባ ወዲያው ይታፈናል። ከዕቃ ማስቀመጫው ሥር ስድስት ባለ 30 ማይክሮን ባላገኝ ኖሮ በሸራ የሚሄድ ሰው ሲጎትተን ነበር የምንገባው። ረቂቁን ማጣራት ሞተሩ ላይ ያለው ሁለተኛው ፊልትሮ ይሠራዋል፤ የፊተኛው ሥራ ውኃውንና ትልቁን ቆሻሻ መያዝ ነው።

ስለዚህ ጀልባዋ ወዳለችበት ስትሄድ ሞተሩን ከማየትህ በፊት የታንከሮቹን የመፈተሻ ክዳን አስከፍት። ቦሎኖቹ ዝገው ከሆነ ለዓመታት አልተከፈቱም ማለት ነው። በእጅ ባትሪ ወለሉን ተመልከት፤ ጥቁር ካየህ ታንከሩ ይታጠብ፤ ናፍጣውም በውጭ ማጣሪያ ይዙር። መድኃኒት መጨመር ብቻ አይበቃም፤ የሞተው ነገርም ያው ዝቃጭ ነው። ከላይ ወለል ላይ ያሉትን የናፍጣ መሙያ ክዳኖች ኦሪንግ ቀይርና ቅባት ቀባቸው፤ ሞገድ ወለሉን ባጠበ ቁጥር ጨው ውኃ የሚገባው በእነርሱ ነው። በበርሙዳ ስትቀዱም ከመጀመሪያው ላይ በመስታወት ማሰሮ ቀድተህ ወደ ብርሃን አንሣው። እንደ ጠጅ ጠራ ካለ ቅዳ፤ ከደፈረሰ አትቅዳ።

ሞተሩን በተመለከተ ከመኪና የሚለይብህን ብቻ ልናገር፤ ሌላውን ታውቃለህ። የመኪና ሞተር ይሠራል፣ ያርፋል። ይህኛው 277 ሰዓት ሳይጠፋ ይሠራል። አብዛኞቹ ሞተሮች ዘይት የሚቀየርላቸው በ250 ሰዓት ነው። ስለዚህ በርሙዳ ላይ ሰዓቱ ቢደርስም ባይደርስም ቀይር፤ ኦርታ ላይም እንደገና። ሁለተኛው ነገር፣ በ6.5 ኖት መሄድ ለናፍጣው ጥሩ ነው፤ ለሞተሩ ግን ሥራ ያንሰዋል። 300 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከ60 ወይም ከ70 ባልበለጠ ሲሠራ ይቀዘቅዛል፤ ናፍጣውም በደንብ አይቃጠልም፤ ማርሚታው ጥላሸት ይይዛል። በቀን አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ዙሩን ከፍ አድርገህ አሙቀው፤ የሚጠፋው ናፍጣ ብዙ አይደለም።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ራዲያተር የለም። ብዙዎቹ ጀልባዎች የባሕር ውኃ ስበው ሞተሩን ያቀዘቅዛሉ፤ የሚስበው ፖምፓ ውስጥ የላስቲክ ምላስ ያለው ጎማ አለ። ያ ጎማ ሲበጣጠስ ቁርጥራጩ ወደ ማቀዝቀዣው ቧንቧ ይገባል፤ አዲስ ጎማ አስገብተህ ቁርጥራጮቹን ካልለቀምክ ሞተሩ መጋሉን አይተውም። የድሮውን ጎማ ምላስ ቁጠር፤ የጎደለውን እስክታገኝ አትዝጋ። የጀልባዋ ውኃ ዝግ ሆኖ በገላዋ ሥር በተዘረጋ ቧንቧ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ከዚህ ችግር ተገላገልክ።

በየሰዓቱ ወደ ሞተር ክፍሉ ውረድ። መጀመሪያ በሩን ስትከፍት አሽትት፤ የተቃጠለ ጎማ፣ ጥሬ ናፍጣ፣ እንፋሎት፣ ሁሉም የየራሱ ሽታ አለው። ከዚያ ወለሉ ላይ አዲስ ውኃ ወይም ዘይት መኖሩን፣ ከቺንጋው ሥር ጥቁር የላስቲክ ብናኝ መኖሩን፣ የመዘውሩ ዘንግ ከጀልባዋ የሚወጣበት ቦታ ላይ ያለውን ጠብታ ተመልከት። ሙቀት መለኪያ ካለህ ሁልጊዜ እነዚያኑ ነጥቦች ለካና ጻፍ። አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ ከትናንቱ አምስት ዲግሪ መጨመሩ ግን ይነግርሃል። የሚሽከረከር ነገር አጠገብ ልቅ ልብስ አትልበስ፤ ጀልባዋ ስትጋደም የምትይዘውን እጀታም አስቀድመህ እወቅ።

ሞተሩ ባይነሣስ? ጀልባዋ ሁለተኛ ትንሽ ሞተር እንዳላት ጠይቅ፤ የራሷ ዘንግና መዘውር ያላት። ካለች መቼ እንደተነሣች ጠይቅ። ብዙዎቹ ለዓመታት ሳይነሡ ይቀመጡና በሚያስፈልጉበት ቀን አይነሡም። የራሷ ትንሽ ታንከር ቢኖራት ይመረጣል፤ ከዚያው ከቆሸሸው ታንከር የምትጠጣ ከሆነ ትልቁን ያፈነው እርሷንም ያፍናታል።

ስለ መወዛወዝ በአጭሩ። ሸራ የሌላት ጀልባ የሚደግፋት ንፋስ ስለሌለ እንደ ሕፃን አልጋ ትወዛወዛለች። አንዳንዶቹ ከሥራቸው የሚንቀሳቀሱ ማረጋጊያ ክንፎች አሏቸው፤ ሌሎቹ በሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መርከበኞች «ዓሣ» የሚሏቸውን ብረቶች በሁለት ጎን ውኃ ውስጥ ይጎትታሉ። ዓሣዎቹ ብዙም አይበላሹም፤ ግን ፍጥነትን ከግማሽ እስከ አንድ ኖት ይበላሉ። ባለቤቱ 20 ሊትር ያለው ዓሣው ወጥቶ ነው ወይስ ገብቶ? ጠይቀው። በዚህች አንዲት ጥያቄ ሒሳቡ ሁሉ ሊፈርስ ይችላል።

ወቅቱ ትክክል ነው። በሜይ የብርዱ ወራት ማዕበል ያበቃል፤ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ደግሞ በደንቡ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ከፍሎሪዳ ስትወጡ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ገልፍ ስትሪም የተባለው የሞቀ ውኃ ፍሰት ወደ ሰሜን ይሮጣል፤ ከሰሜን ንፋስ ሲመጣበት ሞገዱ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ንፋሱ ከሰሜን ከሆነ ወደብ ቆዩ።

አሁን ማንም የማይነግርህ ነገር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘህ ከሆነ አዞረስ ማለት ፖርቱጋል ነው፤ ፖርቱጋል ደግሞ ሼንገን። በግል ያት መምጣትህ ከቪዛ ነፃ አያደርግህም፤ ግሪን ካርድም የሼንገንን ቪዛ አይተካም። በርሙዳና ጂብራልታር ሁለቱም በብሪታንያ ሥር ቢሆኑም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የመግቢያ ደንብ አላቸው። ከመነሣትህ ከሁለት ወር በፊት ለሦስቱም ጠይቅ። ኦርታ ላይ ከጀልባ እንዳትወርድ የተከለከለ ልጅ አይቻለሁ። ሌሎቹ መርከበኞች እንደ ልማዱ የጀልባቸውን ስምና ዓመተ ምሕረት የወደቡ ግድግዳ ላይ ሲቀቡ እርሱ ከመስኮት ያያል።

ደመወዝህ፣ የመመለሻ የአውሮፕላን ትኬትህ፣ ብትታመም የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። የጀልባዋ ኢንሹራንስም ስምህን ይወቅ፤ ብዙዎቹ ድርጅቶች ለውቅያኖስ ጉዞ የሠራተኞቹን ስምና ልምድ አስቀድመው ይጠይቃሉ። «እኛ እኮ ወዳጆች ነን» ካለህ፣ ወዳጅነቱን ወረቀቱ ላይ ይፈርምበት።

ለሌሊት ተራህ ዳቦ ቆሎ ያዝ። ቀልድ አይደለም። አይበላሽም፣ ምድጃ አይፈልግም፣ በአንድ እጅ ይበላል፣ የተረበሸ ሆድም ይቀበለዋል። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ እናቴ የላከችልኝን ይዤ ነበር፤ ካፒቴኑ አንድ ጊዜ ቀምሶ ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ተራው ባይሆንም ይነሣ ጀመር። የባሕር ሕመም መድኃኒቱን ደግሞ ከመነሣትህ በፊት ባለው ምሽት ውሰድ፤ ማስመለስ ከጀመርክ በኋላ ብትውጠው ሆድህ ውስጥ አይቆይም።

ለባለቤቱ ዛሬውኑ ደውልና ሦስት ነገር ጠይቀው፤ 20 ሊትር የሚለውን ቁጥር ከየት እንዳገኘው፣ ታንከሩ መጨረሻ የተከፈተው መቼ እንደሆነ፣ በ6.5 ኖት ለመሄድ ፈቃደኛ መሆኑን። የሦስተኛው መልስ እምቢታ ከሆነ አትሂድ። እሺ ካለህ ጀልባዋ ዘንድ ሄደህ ክዳኑን ስትከፍት የታንከሩን ወለል ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የሚያስፈልጉህን የትርፍ ዕቃዎች ዝርዝር ያንን አይቼ እጽፍልሃለሁ።